«መስክ» ሲባል ምን እንረዳ? ስለ ኤሌክትሪክ መስክ፣ ስለ መግነጢሳዊ መስክና ስለ ሞገድ ቃላት

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ፊዚክስን ከመሠረቱ ጀምሬ በራሴ ጊዜ እያጠናሁ ነው። የእንቅስቃሴንና የሙቀትን ምዕራፎች ብዙም ሳልቸገር አልፌያቸዋለሁ፤ ኤሌክትሪክና መግነጢስ ላይ ስደርስ ግን ያስቸገረኝ ስሌቱ ሳይሆን ቃላቱ ነው። በቀመሩ ውስጥ ቁጥሮቹን አስገብቼ ትክክለኛውን ውጤት አገኛለሁ፤ ያገኘሁት ቁጥር የምን ቁጥር እንደሆነ ለሌላ ሰው ላስረዳ ስሞክር ግን ቃል ያጥረኛል። ያልገባኝን ነገር በስሌት ሸፍኜ ማለፍ ስላልፈለግሁ ጥያቄዬን በዝርዝር አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ችግሬ «መስክ» የሚለው ቃል ነው። በዕለት ተዕለት አነጋገር መስክ ማለት ሣር የበቀለበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ዳር ድንበር ያለው ሜዳ ነው። ስለዚህ «መግነጢሳዊ መስክ» የሚለውን ሳነብ በማግኔቱ ዙሪያ ያለ፣ የማግኔቱ ተጽዕኖ የሚደርስበት የተከለለ ቦታ አድርጌ ወሰድሁት። ጥቂት ገጾች እንዳለፍሁ ግን «በዚህ ነጥብ ላይ የመስኩ መጠን ይህን ያህል፣ አቅጣጫው ደግሞ ወደ ቀኝ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አጋጠመኝ። ቦታ እንዴት መጠንና አቅጣጫ ይኖረዋል? መስኩ ራሱ ኃይል ነው እንዳልል፣ ኃይል ለብቻው ተጠቅሷል፤ መለኪያውም የተለየ ነው።

ሁለተኛው የመስክ መስመር የሚባለው ነው። ማግኔትን በወረቀት ሸፍነን የብረት ብናኝ ብንነሰንስበት መስመሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ታዲያ እነዚህ መስመሮች በእርግጥ አሉ ማለት ነው? ካሉስ በሁለት መስመሮች መካከል ባለው ክፍተት መስክ የለም?

ሦስተኛውና ከሁሉም በላይ ግራ ያጋባኝ የሞገዱ ሥዕል ነው። የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ በሁለት ጥምዝ መስመሮች ይሣላል፤ አንደኛው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሁለተኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ብርሃን የሚጓዘው እንደ እባብ እየተጥመለመለ ነው? ከሆነስ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ጉብታ በእውኑ ዓለም ስንት ሚሊሜትር ይሆናል? ደግሞም ሞገድ ሲባል እኔ የማውቀው የውኃን ነው፤ ውኃው ይነሣል፣ ይወድቃል። ምንም በሌለበት ባዶ ጠፈር የሚነሣውና የሚወድቀው ምንድን ነው? በትዕግሥት የሚያስረዳኝ ካለ ምስጋናዬ ታላቅ ነው።

የመጀመሪያው መልስ

ስለ መስክና ስለ መስመሮቹ የጠየቁትን እኔ ልሞክረው፤ ሞገዱን ከእኔ በተሻለ ለሚያስረዳ ሰው እተወዋለሁ።

መስክ በፊዚክስ ቦታው ራሱ አይደለም፤ በእያንዳንዱ የቦታ ነጥብ ላይ የሚገኝ መጠን ነው። የአንድን ክፍል አየር ያስቡ። በመስኮቱ አጠገብ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጡ 18 ዲግሪ፣ በምድጃው አጠገብ ቢያስቀምጡ 30 ዲግሪ፣ በመካከል ደግሞ ሌላ ቁጥር ያነባሉ። ቴርሞሜትሩን ባያስቀምጡም እያንዳንዱ ነጥብ የየራሱ ሙቀት አለው፤ የእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ስብስብ በአንድነት «የሙቀት መስክ» ሊባል ይችላል። ሙቀት አቅጣጫ የለውም። ነፋስን ከወሰድን ግን በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አየሩ የሚሄድበት ፍጥነትም አቅጣጫም ስላለ፣ ነጥቡን በቀስት መወከል እንችላለን፤ የቀስቱ ርዝመት ፍጥነቱን፣ የቀስቱ ጫፍ አቅጣጫውን ያመለክታል። የኤሌክትሪክና የመግነጢስ መስኮች የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። ንጽጽሩ ግን ከዚህ ማለፍ የለበትም፤ በነፋስ ውስጥ የሚሄድ አየር አለ፣ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ግን በቀስቱ አቅጣጫ የሚፈስ አንዳችም ነገር የለም።

የኤሌክትሪክ መስክ ቀስት የሚነግረን «በዚህ ነጥብ ላይ አዎንታዊ ሙል ቢቀመጥ ምን ያህል ኃይል፣ በየት አቅጣጫ ያርፍበታል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ነው። ሙል ያልሁት ብዙዎቻችን ቻርጅ የምንለውን ነው። ነጥቡ ላይ 1 ኩሎምብ ሙል እናስቀምጥና ያረፈበትን ኃይል በኒውተን እንለካ፤ ያ ቁጥር የመስኩ መጠን ነው። መለኪያው «ኒውተን በኩሎምብ» የሆነውም ለዚህ ነው፤ «ቮልት በሜትር» የሚባለውም ፍጹም ከእርሱ ጋር እኩል ነው። በመስክና በኃይል መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ይታያል። ኃይል እንዲኖር ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ኃይል የሚያሳርፍና ኃይል የሚያርፍበት። መስክ ግን የሚያርፍበት ነገር ባይኖርም አለ። በባዶው ነጥብ ላይ ተጽፎ እንደሚጠብቅ መልስ ነው፤ ሙሉ ሲመጣ መልሱ ወደ ኃይል ይለወጣል።

ቁጥር ሲኖረው ይበልጥ ይጨበጣል። የአንድ ኩሎምብ አንድ ቢሊዮንኛ የሚሆን ሙል የያዘች ትንሽ ኳስ ብቻዋን ተንጠልጥላለች እንበል። ከእርሷ 10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ የመስኩ መጠን 900 ቮልት በሜትር ያህል ነው። በ20 ሴንቲሜትር ላይ 225፣ በ30 ሴንቲሜትር ላይ ደግሞ 100 ይሆናል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ አንድ አራተኛ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል፤ ኩሎምብ በ1785 በሚጠማዘዝ ክር ላይ በተንጠለጠለ ሚዛን ለክቶ ያሳወቀው ሕግ ይኸው ነው። መስኩ እየደከመ ይሄዳል እንጂ «ከዚህ በኋላ የለም» የሚባልበት ወሰን የለውም። ስለዚህ «የማግኔቱ መስክ እዚህ ድረስ ነው» ሲባል ከሰሙ፣ የተባለው መሣሪያችን ሊለካው የሚችለው እስከዚያ ነው ማለት ነው።

መግነጢሳዊ መስክም በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለ ቀስት መሆኑ ከዚያኛው አይለይም፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የቆመ ሙል በቆመ ማግኔት አጠገብ ቢቀመጥ መግነጢሳዊ መስኩ ምንም ኃይል አያሳርፍበትም። ሙሉ መንቀሳቀስ አለበት፤ ሲንቀሳቀስም የሚያርፍበት ኃይል ለእንቅስቃሴው አቅጣጫም ለመስኩ አቅጣጫም ቀጤ ነክ (በ90 ዲግሪ የዞረ) ይሆናል። ከመስኩ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚጓዝ ሙል አንዳች አይነካውም። ኃይሉ ሁልጊዜ ከጎን ስለሚመጣ ሙሉን ይጠመዝዘዋል እንጂ አያፈጥነውም፣ አያዘገየውምም። ይህ ነገር መጀመሪያ ሲገባኝ ትልቅ ደስታ ሰጥቶኝ ነበር፤ ሁለቱ መስኮች የተለያየ ስም ያስፈለጋቸው ለምን እንደሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። መለኪያው ቴስላ ይባላል፤ 1 ኩሎምብ ሙል ለመስኩ ቀጤ ነክ ሆኖ በሰከንድ 1 ሜትር ሲጓዝ 1 ኒውተን ኃይል ካረፈበት መስኩ 1 ቴስላ ነው። ቴስላ ትልቅ መለኪያ ነው። የመሬት መግነጢሳዊ መስክ በገጽዋ ላይ ከ25 እስከ 65 የሚሊዮንኛ ቴስላ ያህል ሲሆን፣ በሕክምና የኤምአርአይ መሣሪያዎች ውስጥ ግን 1.5 ወይም 3 ቴስላ የተለመደ ነው።

ወደ መስመሮቹ ልመለስ። መስመሮቹ የእኛ ሥዕል ናቸው። የካርታ ሠሪ እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር ያገናኛል፤ ተራራው ላይ ሲወጡ ግን መስመር አያዩም፣ በሁለት መስመሮች መካከልም መሬቱ አይጠፋም። የመስክ መስመርም እንዲሁ ነው፤ ቀስቶቹን አንዱን ከሌላው እያያያዝን የምንሥለው ሲሆን፣ መስመሮቹ በተጠጋጉበት መስኩ ብርቱ፣ በተራራቁበት ደካማ መሆኑን እንድናይ ይረዳናል። የብረት ብናኙ መስመር ሠርቶ የሚታየው እያንዳንዷ ቅንጣት በመስኩ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ስለምትሆን ነው። ቅንጣቶቹ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ይሳሳባሉ፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ በሰልፍ በሰልፍ ይደረደራሉ። ክፍተቱን የፈጠረው የብናኙ ጠባይ ነው። ወረቀቱን መታ መታ አድርገው ብናኙን እንደ አዲስ ቢነሰንሱት ሰልፎቹ ቀድሞ ክፍተት በነበረበት ቦታ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ፤ አጠቃላይ ቅርጹ ግን አይለወጥም።

ሁለተኛው መልስ

የመጀመሪያው መላሽ በጥሩ ሁኔታ አስረድተዋል። እኔ እርሳቸው ከተዉት እቀጥላለሁ፤ «መስክ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለ ቀስት ነው» ያሉትን አጥብቀው ከያዙ የሞገዱ ሥዕል ራሱን በራሱ ይፈታል።

በሥዕሉ ላይ የሚያዩት ጥምዝ መስመር የማንም ነገር መንገድ አይደለም። ብርሃኑ የሚጓዘው በመካከል በተዘረጋው ቀጥታ መስመር ላይ ነው። በዚያ ቀጥታ መስመር ላይ ባለ እያንዳንዱ ነጥብ የኤሌክትሪክ መስኩ ቀስት ይሣላል፤ የቀስቶቹ ጫፎች ሲገናኙ ጥምዙ ይወጣል። ቀስቱ ረዘመ ማለት በዚያ ነጥብ ላይ መስኩ በረታ ማለት እንጂ፣ አንድ ነገር ከመስመሩ ያን ያህል ሚሊሜትር ርቆ ወጣ ማለት አይደለም። ስለዚህ «ጉብታው ስንት ሚሊሜትር ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ ጉብታው በሚሊሜትር አይለካም የሚል ነው፤ የሚለካው በቮልት በሜትር ነው። ሁለተኛው ጥምዝም በቴስላ ይለካል። ለዚህ ነው ይህን ልክ «የሞገድ ከፍታ» ብሎ መጥራት ለብርሃን የማይመቸኝ፤ ለውኃ ሞገድ ተስማሚ የሆነው ቃል እዚህ ሲመጣ ልክ እርስዎ የገጠመዎትን ዓይነት ስሕተት ይጋብዛል። እኔ «የመስኩ ከፍተኛ መጠን» ማለትን እመርጣለሁ።

በቁጥር እንየው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት የሚያደርስ ባለ አንድ ድግግሞሽ (አንድ ወጥ ቀለም ያለው) ጨረር፣ ማለትም በጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ ከምታደርሰው ጋር የሚቀራረብ ብርታት ያለው ጨረር፣ የኤሌክትሪክ መስኩ ከፍተኛ መጠን 870 ቮልት በሜትር ያህል ነው። መግነጢሳዊ መስኩ ደግሞ 3 የሚሊዮንኛ ቴስላ እንኳ አይሞላም፤ ኮምፓስን ከሚያዞረው የመሬት መስክ አሥር ጊዜ ያህል ወይም ከዚያም በላይ ያንሳል። ሆኖም በእንዲህ ያለ ብርሃን ውስጥ የተቀመጠ ኮምፓስ አይንቀጠቀጥም፤ ምክንያቱም የብርሃኑ መስክ በሰከንድ ብዙ መቶ ትሪሊዮን ጊዜ አቅጣጫውን ስለሚገለብጥ መርፌዋ ልትከተለው አትችልም። በባዶ ጠፈር በሚጓዝ ሞገድ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስኩ መጠን ለመግነጢሳዊ መስኩ መጠን ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ምንጊዜም የብርሃን ፍጥነት ነው፤ ይህ ውብ የሆነ ዝምድና ስለሆነ 870ን ለ2.9 የሚሊዮንኛ አካፍለው ራስዎ ያረጋግጡት።

«የሚነሣውና የሚወድቀው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋል። የሚለዋወጠው መስኩ ራሱ ነው። በአንድ ቋሚ ነጥብ ላይ ሆነው ቢመለከቱ የዚያ ነጥብ ቀስት ሲረዝም፣ ሲያጥር፣ ዜሮ ሲሆን፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲረዝም ያያሉ፤ የሚቀጥለው ነጥብ ያንኑ ለውጥ ጥቂት ዘግይቶ ይደግማል፣ ቀጣዩም እንዲሁ። ከቦታ ወደ ቦታ የሚተላለፈው ለውጡ ነው። ይህ ደግሞ ለውኃም ቢሆን እውነት ነው፤ በሞገዱ ላይ የተቀመጠ ቅጠል ባለበት ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ከሞገዱ ጋር ወደ ዳር አይሄድም። የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሊቃውንት ግን ልክ እንደ እርስዎ «የሚናወጥ ነገርማ መኖር አለበት» ብለው ጠፈርን የሚሞላ ኤተር የሚባል ነገር አለ ብለው ያስቡ ነበር። ማይክልሰንና ሞርሊ በ1887 መሬት በዚህ ኤተር ውስጥ ስትጓዝ በብርሃን ፍጥነት ላይ መታየት የነበረበትን ልዩነት በጥንቃቄ ፈልገው አላገኙትም። ጥያቄዎ እንግዲህ የዋህ ጥያቄ አይደለም።

ለውጡ ለምን ይተላለፋል? ፋራዴይ በ1831 የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ በሽቦ ውስጥ ጅረት እንደሚያስነሣ አሳየ፤ ይህም ማለት የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ባለበት ሁሉ የኤሌክትሪክ መስክም ይገኛል ማለት ነው። ማክስዌል ደግሞ በተቃራኒው፣ የሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክ ባለበት መግነጢሳዊ መስክ መኖር አለበት ሲል ቀመሩን አሟላ። ሁለቱ ሲጣመሩ የመስኩ ለውጥ ከምንጩ ተለይቶ በባዶ ቦታ መጓዝ እንደሚችል ከቀመሮቹ ይወጣል። ፍጥነቱስ? ቬበርና ኮልራውሽ በ1856 ብርሃን የሚባል ነገር ሳይነኩ፣ በኤሌክትሪክና በመግነጢስ መለኪያዎች ብቻ፣ በሰከንድ 310,740 ኪሎሜትር የሚሆን ቁጥር አግኝተው ነበር። ፊዞ በ1849 በሚሽከረከር ጥርሳም ጎማ የለካው የብርሃን ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 315,000 ኪሎሜትር ገደማ ነበር። ማክስዌል ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሞገድ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። በፊዚክስ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የሁለት ቁጥሮች ግጥምጥሞሽ የለም። ሄርዝ ከ1887 ጀምሮ ባደረጋቸው ሙከራዎች ሞገዱን በመሣሪያ አስነሥቶ፣ በሌላ መሣሪያ ተቀብሎ አረጋገጠው። ዛሬ የብርሃን ፍጥነት በባዶ ጠፈር በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ተብሎ ተደንግጓል፤ ሜትር ራሱ ከ1983 ጀምሮ የሚተረጎመው በዚህ ቁጥር ነው።

የቀሩት የሞገድ ቃላት ቀላል ናቸው። በአንድ ነጥብ ላይ ለውጡ በሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ ዙር ያደርጋል የሚለው ድግግሞሽ ነው፤ መለኪያው ሄርዝ ነው። በአንድ ቅጽበት ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ ጉብታ ያለው ርቀት የሞገድ ርዝመት ነው፤ ይህ በእርግጥ በሜትር ይለካል። የሞገድ ርዝመትና ድግግሞሽ ኢ-ርቱዕ ወደር አላቸው፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሲባዙ ምንጊዜም የሞገዱን ፍጥነት ይሰጣሉ። በ100 ሚሊዮን ሄርዝ የሚተላለፍ የሬዲዮ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው፤ የአረንጓዴ ብርሃን ግን የአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

ሥዕሉን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በባዶ ጠፈር በሚጓዝ ሞገድ ሁለቱ መስኮች በአንድነት ከፍ ይላሉ፣ በአንድነትም ዜሮ ይሆናሉ። አንዱ ሲጠፋ ሌላው የሚበረታ አድርጎ የሚሥል ሥዕል ካጋጠመዎት ሥዕሉ ተሳስቷል።

ሦስተኛው መልስ

ከላይ የተጻፈውን በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም የመጀመሪያው መላሽ «1 ኩሎምብ ሙል እናስቀምጥ» ባሉት ላይ እርማት አለኝ። ኩሎምብ እጅግ ትልቅ መጠን ነው። አንዱ ከሌላው በ1 ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጡ ሁለት የ1 ኩሎምብ ሙሎች በ9 ቢሊዮን ኒውተን ኃይል ይገፋፋሉ። እንዲህ ያለውን ሙል አምጥተን ብናስቀምጥ በአካባቢው ያሉትን ሙሎች ሁሉ ከቦታቸው ስለሚያፈናቅል የምንለካው መስክ ቀድሞ የነበረው መሆኑ ይቀራል። ትክክለኛው አካሄድ እጅግ ትንሽ ሙል ማስቀመጥ፣ ያረፈበትን ኃይል መለካት፣ ከዚያም ኃይሉን ለዚያ ሙል መጠን ማካፈል ነው። «በኩሎምብ» የሚለው የመለኪያ ስም ከማካፈሉ የመጣ እንጂ በእርግጥ 1 ኩሎምብ አስቀምጠን አይደለም።

ስለ ቃላቱም ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ጠያቂው የተቸገሩት በቃላት ነው። «ኃይል» በአማርኛ ብዙ ሥራ ተሸክሟል። የሚገፋውንና የሚስበውንም፣ በዋት የሚለካውንም፣ ኤሌክትሪክን በጠቅላላውም ኃይል እንላለን፤ «ጉልበት» የሚለውም ቃል አንዳንዴ በእነዚህ ቦታ ይገባል። ስለዚህ በምታነቡት ጽሑፍ ውስጥ ኃይል የሚል ቃል ሲያጋጥማችሁ ቃሉን ሳይሆን መለኪያውን ተመልከቱ። ኒውተን ከሆነ የሚገፋ ወይም የሚስብ ነው፤ ጁል ከሆነ ኢነርጂ ነው፤ ዋት ከሆነ ኢነርጂ በሰከንድ የሚተላለፍበት ልክ ነው። መለኪያ አያሳስትም።

«ሙል»ም ሆነ «ቻርጅ» ተመሳሳይ ወጥመድ አለባቸው፤ ሁለቱም መሙላትን ያስታውሳሉ። ስልክ ቻርጅ ተደረገ ስንል በባትሪው ውስጥ የሙል መጠን የጨመረ ይመስለናል። ነገር ግን በአንደኛው ጫፍ የገባው ሙል ያህል በሌላኛው ስለሚወጣ፣ ባትሪው በጠቅላላው ከመሞላቱ በፊትም በኋላም ገለልተኛ ነው። የጨመረው የተከማቸው ኢነርጂ ነው።

«ጅረት» ግን ጥሩ ቃል ነው፤ የሚፈስ ነገር መኖሩን በትክክል ይናገራል። ብቻ ፍሰቱ ፈጣን አይምሰላችሁ። 1 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ባለው የመዳብ ሽቦ ውስጥ 1 አምፒር ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ ወደፊት የሚሄዱት በሰከንድ የአንድ ሚሊሜትር 7 መቶኛ ያህል ነው። ማብሪያውን ስንጫን መብራቱ ወዲያው የሚበራው ከብርሃን ፍጥነት ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት በሽቦው ዙሪያ የሚደርሰው የመስኩ ለውጥ ስለሆነ ነው።

ጠያቂው እንደገና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቀስቱ ነገር ዓይኔን ከፈተልኝ፤ የሞገዱን ሥዕል አሁን ሳየው ጥምዙን ትቼ በመካከል ያለውን ቀጥታ መስመር እመለከታለሁ። 870ን ለ2.9 የሚሊዮንኛ አካፍዬም 300 ሚሊዮን ሜትር በሰከንድ አግኝቻለሁ።

የተረዳሁትን በራሴ ቃል ልጻፍና ስሕተት ካለበት አርሙኝ። መስክ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለ መጠንና አቅጣጫ ነው። የኤሌክትሪክ መስክ ለቆመም ለሚንቀሳቀስም ሙል ይናገራል፤ መግነጢሳዊ መስክ ለሚንቀሳቀስ ሙል ብቻ። ሞገድ ደግሞ የመስክ ለውጥ ከነጥብ ወደ ነጥብ ሲተላለፍ ነው። ከዚህ ተነሥቼ እንዲህ ብዬ ደመደምሁ፤ በ50 ሄርዝ የሚሠራ የኤሌክትሪክ መስመር በዙሪያው የሚለዋወጥ መስክ አለው፣ ስለዚህ በሽቦው አጠገብ በመሣሪያ የምንለካው መስክ የሚጓዝ ሞገድ ነው፤ ርዝመቱም 300,000 ለ50 ሲካፈል 6,000 ኪሎሜትር ይሆናል። ይህ ትክክል ነው? የቆመ ማግኔትስ ሞገድ ይልካል?

ሁለተኛው መላሽ እንደገና

የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሚገባው በላይ ሮጠዋል። ስሌቱ ልክ ነው፣ የ50 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 6,000 ኪሎሜትር ነው። ነገር ግን የሚለዋወጥ መስክ ሁሉ የሚጓዝ ሞገድ አይደለም።

ጅረቱ በሚለዋወጥበት ሽቦ ዙሪያ ያለውን መስክ ሁለት ድርሻ እንዳለው አድርገው ያስቡት። አንደኛው ድርሻ ከምንጩ ጋር የታሰረ ነው፤ ጅረቱ ሲጨምር ይበረታል፣ ጅረቱ ሲቀንስ ይደክማል፣ በውስጡ የያዘውንም ኢነርጂ ለምንጩ ይመልሳል። ሁለተኛው ድርሻ ከምንጩ ተለይቶ የሚሄድ፣ ኢነርጂውንም ይዞ የሚወጣ፣ ምንጩ ቢጠፋ እንኳ ጉዞውን የሚቀጥል ነው፤ ሞገድ የሚባለው ይህ ነው። መጠኑ ከሞገድ ርዝመቱ እጅግ ያነሰ ምንጭ ብንወስድ፣ የታሰረው መስክ በርቀት ሦስተኛ ርቢ ይወርዳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ስምንተኛ ማለት ነው። የሚጓዘው መስክ ግን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ግማሽ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ በቅርብ የታሰረው ይገዛል፣ በሩቅ የሚጓዘው ይገዛል። ድንበሩ የሚገኘው ከሞገድ ርዝመቱ አንድ ስድስተኛ አካባቢ ነው። ለ50 ሄርዝ ይህ ወደ 1,000 ኪሎሜትር ይጠጋል፤ በሽቦው አጠገብ ቆመው የሚለኩት መስክ እንግዲህ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ የታሰረው ነው። ለ100 ሚሊዮን ሄርዝ የሬዲዮ ማሠራጫ ግን ድንበሩ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በተጨማሪም በኤሌክትሪክ መስመር ውስጥ ጅረቱ በአንደኛው ሽቦ ሲሄድ በሌላኛው ስለሚመለስ የሁለቱ መስኮች አቅጣጫ ተቃራኒ ነው፤ ከሽቦዎቹ ጥቂት ራቅ ሲሉ አንዱ ሌላውን በብዙ ያጠፋዋል። ለብቻው የተዘረጋ ረጅም ሽቦ 10 አምፒር ቢይዝ በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 20 የሚሊዮንኛ ቴስላ መስክ ይኖረዋል፤ ይህም ከመሬት መስክ ጋር የሚነጻጸር በመሆኑ ኧርስቴድ በ1820 ጅረት በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የኮምፓስ መርፌ ስትዞር ማየቱ አያስገርምም። ጅረቱ የሚመለስበትን ሽቦ አጠገቡ ቢያስኬዱት ግን መርፌዋ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

የቆመ ማግኔት ሞገድ አይልክም። መስኩ አለ፣ ግን አይለወጥም። በቋሚ ፍጥነት በባዶ ጠፈር የሚጓዝ ሙልም እንዲሁ ነው፤ መስኩ አብሮት ይሄዳል እንጂ ተለይቶ የሚወጣ ድርሻ የለውም። ሞገድ እንዲወጣ ሙሉ ፍጥነቱን ወይም አቅጣጫውን መለወጥ አለበት። የማሠራጫ አንቴና የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ኤሌክትሮኖችን በሽቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። ማግኔቱን በእጅዎ ይዘው በሰከንድ አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ቢያወዛውዙት እርስዎም ሞገድ ልከዋል፤ የሚወጣው ኢነርጂ በምንም መሣሪያ የማይያዝ ኢምንት ቢሆንም፣ ርዝመቱ 300,000 ኪሎሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ጉብታ ወደ ጨረቃ የሚወስደውን መንገድ ሦስት አራተኛ ሲያልፍ እርስዎ ሁለተኛውን ውዝዋዜ ይጀምራሉ።